ክራሩ ክረምቱን ይሰቀል?

ሰኔ 30 ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው መጡ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ይዞኛል። የሙዚቃ ትምህርቱን ክረምቱን ይቀጥሉ ወይስ ይረፉ?

ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ክራር ትማራለች። ትንሹ 8 ዓመቱ ነው፤ እሱ ኪቦርድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከአቶቴ ፒያሳ በባጃጅ እንመላለሳለን። የሐዋሳን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና በአንዴ ይለቀዋል። የባጃጁ ላስቲክ ቢወርድም በጎን ያስገባል። ባለቤቴ «ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ ከረሙ፤ እስቲ ይተኙበት» አለኝ። እውነት አለው።

እኔን የሚያሰጋኝ አምና ያየሁት ነው። ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ስናወርደው ቆዳው በእርጥበት ላልቶ ድምፁ ታፍኗል። እሱስ ፀሐይ ሲያገኘው ተመለሰ። የልጄ ጣቶች ግን ለስልሰው ስለነበር ቶሎ አመማት። ከ6ቱ ክሮች ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። እነሱን እንኳ ማስማማት አቅቷት አለቀሰች። ሰኔ ላይ እኮ የትዝታን ቅኝት ብቻዋን ትቃኝ ነበር!

ዘንድሮ ከመወሰኔ በፊት አንድ ሳምንት ዝም ብዬ አየኋቸው። እሁድ ማታ መብራት ጠፋ። ትንሹ «ዛሬ ልምምድ የለም!» ብሎ ዘለለ። እሷ ሻማው አጠገብ ተቀምጣ ትዝታውን ወደ ባቲ ቅኝት ለማዞር ክሩን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ማንም አላዘዛትም። እራት ቀርቦ ሦስት ጊዜ ጠራኋት።

ስለዚህ እሷ ትቀጥላለች፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ። መምህሯም ተስማማ። ነሐሴ ላይ ይርጋለም አያታቸው ዘንድ ሲሄዱ ክራሩም አብሮ ይሄዳል። ትንሹ እስከ መስከረም ያርፋል።

የከበደኝ ለእሱ መንገሩ ነበር። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም አለና «እማዬ፣ ጎበዝ ስላልሆንኩ ነው?» አለኝ። አንጀቴን በላው። አቅፌ አስቀመጥኩት። እንዳልሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ደክሞት እንዳየሁት፣ መማር ባማረው ቀን ሊነግረኝ እንደሚችል ነገርኩት። «ኳስስ?» አለ። ኳሱን ይጫወት። እሷን ያየሁበት ዓይን እሱንም ማየት አለበት፤ የሷን መንገድ እሱ ላይ አልጭንበትም።

ማታ ኪቦርዱን ወደ ካርቶኑ ልመልሰው አነሳሁና ተውኩት። ሶፋው አጠገብ እንደተሰካ ነው።