ከማያባራው ማሳከክ እንዴት እንደተገላገልኩ

ሁለቱም ክርን፣ ሁለቱም ጉልበት፣ መቀመጫ፣ አንዳንዴም የራስ ቆዳ። እነዚህ ቦታዎች ላይ በግራም በቀኝም እኩል የሚወጣ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሽፍታ ካለባችሁ ይቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእኔ ሽፍታ መጀመሪያ እከክ ተባለ፣ ቀጥሎ ችፌ። ቅባቱ ትንሽ ያስታግስና ተመልሶ ይነሳል። ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ናቸው፤ ግን በጣም ስለሚያሳክኩ ሐኪም ጋ ሳልደርስ በጥፍሬ ይፈነዳሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም። የሚታየው ቁስሉና ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ነው። ስለዚህ አዲስ ሲወጣ ወዲያው በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። የቆዳ ሐኪሟ የጠረጠረችው እነዚያን ፎቶዎች አይታ ነው።

በሽታው ደርማታይቲስ ሄርፔቲፎርሚስ ይባላል። ከሄርፒስ ቫይረስ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የፊላደልፊያው ሐኪም ሉዊስ ዱህሪንግ በ1884 እ.ኤ.አ. ነው ለይቶ የገለጸው። ሴሊያክ የሚባለው፣ በግሉተን ምክንያት አንጀትን የሚጎዳው በሽታ በቆዳ ላይ ሲወጣ ማለት ነው። ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ በሽታ ያለብን ሰዎች ሰውነት ግሉተንን እንደ ጠላት ይቆጥርና አይጂኤ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ እሱ ቆዳ ሥር ተከማችቶ ያንን ሁሉ እሳት ያስነሳል። እኔ ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ብዙዎቹ ይህ የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ግልጽ የሆድ ምልክት የላቸውም፤ አንጀታቸው ግን ይጎዳል።

ምርመራው ላይ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሳትመረመሩ ዳቦ አታቁሙ። ግሉተን ካቆማችሁ የደም ምርመራው በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ የቆዳ ናሙናው የሚወሰደው ከቁስሉ ላይ አይደለም፤ ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስለው ቆዳ ነው። አይጂኤው በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። ከቁስሉ ላይ ብቻ ሊወስዱ ሲሉ ካያችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ ዳፕሶን ታዘዘልኝ። እናቴ የሥጋ ደዌ መድኃኒት መሆኑን ስትሰማ ከአዲስ አበባ ደውላ አለቀሰች። አዎ፣ ለዚያም ይሰጣል፤ እኔ ግን ሥጋ ደዌ የለብኝም። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ጋብ አለ። ቢሆንም ቀላል መድኃኒት አይደለም። ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባል የደም ምርመራ ይደረጋል፣ ከዚያም ደም በየጊዜው ይታያል። ደግሞ የሚያስታግሰው ቆዳውን ብቻ ነው። አንጀትን የሚያድነው ምግቡ ነው።

ምግቡ ላይ «አንቺማ ምን ችግር አለሽ፣ እንጀራ አለልሽ» ያላለኝ ሰው የለም። ጤፍ በርግጥ ግሉተን የለውም። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ማሸጊያው ላይ «ጤፍ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም ዝርዝሩን አንብቡ። የአሜሪካ የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ሕግ ስንዴ ካለ እንዲጻፍ ያስገድዳል እንጂ ገብስን አያስገድድም። «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ቃል ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለኪያ አለው፤ በአንድ ሚሊዮን ከ20 እጅ በታች መሆን አለበት።

እኔ በመጨረሻ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። ከግሉተን ነጻ የሚል የጤፍ ዱቄት ገዛሁ። እርሾውን ከሰው አልተዋስኩም፤ የሌላ ሰው እርሾ ውስጥ ስንዴ ሊኖር ይችላል። ራሴ ጤፍ አቡክቼ አስነሳሁት። ምጣዱም አምባሻ የሚጋገርበት አይደለም። ሽሮም አስቡበት፤ ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ሽምብራውንም ይበክለዋል። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጨጨብሳ፣ ጠላና ቢራ ቀሩ። የቡላ ገንፎ፣ ቆጮ፣ ፈንድሻ፣ ምስር፣ ጎመንና ጥብስ አሉልኝ። ቅዱስ ቁርባኑም ከስንዴ ስለሆነ ከንስሐ አባቴ ጋር በግልጽ ተነጋግሬበታለሁ፤ እናንተም ዝም ብላችሁ አትጨነቁ፣ ተነጋገሩ።

ከባዱ ሰው ቤት ነው። አክስቴ «ትንሽ ብትቀምሺ ምን አለበት፣ ልጄ?» ትለኝ ነበር። ክርኔን አሳየኋት። አሁን ለብቻ ድስት ትጥድልኛለች፣ ማማሰያዬም ለብቻ ነው። «አልበላም» ከማለት ማሳየቱ ይሻላል።

ትዕግሥት ይጠይቃል። በምግብ ብቻ ቆዳ እስኪጸዳ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። የእኔም ከዓመት በላይ ፈጅቷል። ዳፕሶኑን ሐኪሟ ቀስ በቀስ ቀንሳ አቆመችልኝ፤ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ሴሊያክ በዘር ስለሚሄድ ወላጅ፣ እህት፣ ወንድምና ልጅም መመርመር አለባቸው። እህቴ ምንም ሳያማት ተመረመረች፣ ተገኘባት። አሁን የእንጀራ ሊጥ የምናቦካው አብረን ነው።