ዛሬ ወለቃ ዋልኩ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ በመኪና አልፌያታለሁ፣ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም ነበር። የቤተ እስራኤሎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች። ሰሞኑን ስለ እነሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት፤ ግን ንባብ ሌላ፣ ቦታው ሌላ።

ጸሎት ቤታቸው ትንሽ የጭቃ ቤት ናት። እነሱ መስጊድ ይሏት ነበር። ኦሪት በግእዝ የሚነበብባት፣ ቄሶቹ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የሚጸልዩባት ቤት ዛሬ ባዶዋን ቆማለች። ግድግዳዋን በእጄ ነካሁት። ጭድ ያለበት ምርጉ እፍኜ ውስጥ ረገፈ።

መንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡ እናት አገኘሁ። «እማማ፣ ያስታውሷቸዋል?» አልኳቸው።

«አብረን አይደል ያደግን ልጄ! ጭቃ ማቡካት ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ስትሄድ ምጣዷን ለኔ ትታልኝ ሄደች።»

አወጡና አሳዩኝ። ጠርዙ ተሸርፏል፣ መሀሉ ከሰል መስሏል፣ ዛሬም እንጀራ ይጋግሩበታል።

ግንቦት 1983 ላይ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰደ። ቁጥሩን አውቀው ነበር። ምጣዱን ሳይ ግን ሆዴ ባባ። ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን ማረሻና ማሰሮ እየተጠቀምን ቡዳ ስንላቸው መኖራችን በጣም ያሳዝነኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዓላቸው ስግድ ይከበርበት ወደነበረው አምቦበር እሄዳለሁ። እስራኤል ያላችሁ የወለቃ ልጆች፣ የጸሎት ቤቱ የድሮ ፎቶ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ለእማማም አሳያቸዋለሁ።