የቦንጋ የውሃ ተርቦች፦ ጥላ ያለው ወንዝና ጥላ የሌለው

የውሃ ተርብ (ድራጎንፍላይ) ለማየት ወደ ካፋዋ ቦንጋ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ጅማ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ ነው ያለፍኩት። ጎጀብ ወንዝ ላይ መኪናው ቆመ። እዚያ ይሞቃል። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እኔ ወደ ውሃው ወረድኩ። አንድ ቀይ የውሃ ተርብ ድንጋይ ላይ አርፏል። ይነሳል፣ አንዴ ዞሮ እዚያው ድንጋይ ላይ ይመለሳል። ሌላ ወንድ ከመጣበት ያባርረዋል። እኛ ሰፈር ያለውን ወንዝ አፍንጫ ይዞ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ንጹህ ውሃ ሳይ ቶሎ ልነሳ አልችልም፤ ሾፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ ቆየሁ።

ቦንጋ የያዝኩት አልጋ 900 ብር ነበር። ያናደደኝ ዋጋው አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃ ሲያስጮህ አደረ። ጠዋት ደግሞ ቧንቧው ጭራሽ ውሃ የለውም። እንዲህ ዝናብ በሚዘንብበት አገር በጀሪካን መታጠብ ያበሳጫል። ወደ አለምጎኖ ረግረግ የወሰደኝ ባጃጅም አገሬው ከሚከፍለው እጥፍ አስከፈለኝ። ተከራክሬ ነበር፤ ግን ፀሐይዋ እየሞቀች ነው። የውሃ ተርብ ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የሚነሳው።

አለምጎኖ ስደርስ ንዴቱ ለቀቀኝ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሣር፣ ቄጤማ፣ ከብት። በላዩ ደግሞ ወርቃማ የውሃ ተርቦች መንጋ፣ ሳያርፉ ወዲያ ወዲህ የሚሉ። ፓንታላ ፍላቬሰንስ የሚባለው ዝርያ ነው። ይህ ነፍሳት ከህንድ ተነስቶ ውቅያኖስ አቋርጦ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳል። ዝናብ ባቆረው ኩሬ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ እጩ ኩሬው ሳይደርቅ በጥቂት ሳምንት አድጎ ይበራል። ክፍት ቦታ የሚወዱት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሩቅ ይበራሉ፣ አዲስ ውሃ ባገኙበት ይራባሉ። ስለዚህ ከአንድ አገር ሌላ አገር ብትሄዱ እነዚያኑ ታገኛላችሁ።

ጫካው ሌላ ዓለም ነው። በማግስቱ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ምንም ሳይገረሙ «ና፣ ልጄ» ብለው ከቡናቸው በታች ወዳለው ወንዝ ይዘውኝ ወረዱ። ከላይ ዋንዛና ብሳና፣ ከሥር ቡና። ጨለም ይላል፣ ይበርዳል። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆይ ቅጠሎቹ መሀል በገባች ትንሽ ብርሃን አንድ ቀጭን ነገር አረፈ። ውፍረቱ የክብሪት እንጨት ያህል ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ሰማያዊ። ክንፎቹን ጀርባው ላይ ገጥሟል። ዳምስልፍላይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እንደ ጎጀቡ ቀይ ያሉት ትልልቆቹ ግን አርፈውም ክንፋቸው እንደተዘረጋ ነው።

ፕሱዳግሪዮን ካፊኑም የሚባል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ ዝርያ እንዲህ ባለ ጥላማ ወንዝ ይኖራል። ያየሁት እሱ ይሁን ዘመዱ ለመለየት ወንዱን ይዞ የጅራቱን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። እኔ መያዝ አልፈለግኩም። እያየሁት መቀመጡ በቂዬ ነበር።

ከዚያ ትንሽ ወረድ ስንል ዛፉ አለቀ። የወንዙ ዳር ተመንጥሮ ለጋ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ውሃው ፀሐይ ላይ ነው፤ አፈር ገብቶበት ደፍርሷል። እዚህ የውሃ ተርቡ ብዛት ከጫካው ይበልጣል! ጎጀብ ላይ ያየሁት ዓይነት ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ እነዚያ ወርቃማዎቹም አሉ። ቀጫጭኖቹ የጥላ ልጆች ግን አንድም የሉም። ሰውነታቸው ፀሐዩን አይችልም፤ እጮቻቸውም ቀዝቃዛና ንጹህ ውሃ ይፈልጋሉ። ብራዚል ውስጥ በአማዞን የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ፦ ደን ሲመነጠር ቀጫጭኖቹ ይቀንሳሉ፣ ትልልቆቹ ይበዛሉ። ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሰው እዚህ ቢመጣ የተመነጠረው ቦታ የበለጸገ ይመስለዋል። እዚያ የሚበሩት ግን አለምጎኖም ጎጀብም አሉ። ጫካ ውስጥ ያለው ከዚያ ጥላ ከወጣ መሄጃ የለውም።

ሽማግሌው ቤታቸው ወስደው ቆጮና ማር አቀረቡልኝ፤ ቡናም ተፈላ። ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ። የእርሳቸው ወንዝ ዳር ዛፉ ለምን እንዳልተቆረጠ ጠየቅኳቸው። «ቡናው ጥላ ይፈልጋል። ዛፉ ከተቆረጠ ውሃውም በበጋ ይሸሻል» አሉኝ። ባሕር ዛፉን የተከለው የእህታቸው ልጅ ነው። ካፋ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የዚያችን ወንዝ ዳር ዕጣ የሚወስነው ግን ይህ ልጅ ነው። ከውሃው ጠርዝ ያለውን ብቻ አንስቶ ዋንዛ ቢተክልስ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፤ እነግረዋለሁ» አሉ።