ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታትን ውሻ ስለ መንከባከብ፦ እስካሁን የተማርኩት

ከቦታው የወጣ የአከርካሪ ዲስክ ህብለ ሰረሰሯን ተጭኖት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ውሻዬ የኋላ እግሮቿ እየበረቱ ቢመጡም፣ ሽንቷን መቆጣጠር ግን ገና አልቻለችም።

በዚህ ሁሉ መሀል ከተረዳሁት ነገር ዋነኛው፣ መኝታዋ ረጠበ ማለት የሽንት ፊኛዋ ባዶ ሆነ ማለት አለመሆኑ ነው። ጉዳቱ ወገብ አካባቢ ሲሆን ከአንጎል ወደ ፊኛ የሚወርደው ትእዛዝ ይቋረጥና የሽንት መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ እንደተኮማተረ ስለሚቀር፣ ፊኛው ከልኩ በላይ ሞልቶ ትርፉ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ውስጥ የተጠራቀመው ሽንት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ለረጅም ጊዜ የተለጠጠ ፊኛም ነርቩ ካገገመ በኋላ እንኳ መኮማተር ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ዳይፐር ቤቱን ከእርጥበት ያድናል እንጂ ውሻዋን በእጅ ማስሸናትን አይተካም። (የተመከነች ሴት ውሻ ተኝታ ሳለች ሽንት ቢያመልጣት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ችግሩ ሆርሞን በመቀነሱ የላላ ጡንቻ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይስተካከላል።)

ማስሸናቱን ያስተማረኝ ሐኪሙ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ የሚለመድ አይመስለኝም። ውሻዋ እንደቆመች ሁለቱን መዳፎቼን ከግራና ከቀኝ፣ ከኋላ እግሮቿ ትንሽ ቀደም ብሎ ባለው የሆዷ ክፍል ላይ ጣቶቼን ዘርግቼ አሳርፋለሁ፤ ፊኛዋ ሲሞላም ውኃ እንደያዘ ላስቲክ ከጣቶቼ ስር ይንሸራተታል። ከዚያ ጫናውን ቀስ በቀስ ጨምሬ በአንድ ልክ አቆየዋለሁ፤ በድንገት መጫን ሆዷን ከማስደደሩም በላይ ፊኛውን ሊጎዳው ይችላል። ሆዷን ስታጠነክር እጄን ሳላነሳ ትንፋሿን እስክትለቅ እጠብቃለሁ። ሽንቱ ሲቆምም እንደገና ዳስሼ መጉደሉን አረጋግጣለሁ። ይህ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ የሚደረግ ሲሆን፣ መውጫው እምቢ ካለ ጡንቻውን የሚያላላ እንደ ፕራዞሲን ያለ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል።

የሽንቱን መልክና ሽታ በየጊዜው እመለከታለሁ፤ ከወገቧ በታች ስሜቷ የደከመ ውሻ ኢንፌክሽን ቢይዛትም ሕመሙን ላታሳይ ትችላለችና። ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ጠረኑ ከተለወጠ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቆዳዋ እንዳይላጥ የጭኗን ውስጥ ፀጉር አሳጥሬ፣ በለብ ያለ ውኃ አጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ። ለሕፃናት የሚቀቡት ዚንክ ኦክሳይድ ያለባቸው ቅባቶች ግን ውሻ ስትልሳቸው ስለሚመርዙ አልጠቀምም። «ውኃ ቀንሺላት» የሚለው ምክር በቅን ልቦና ቢሰጥም አልተቀበልኩትም፤ የወፈረ ሽንት ቆዳን ይበልጥ ያቃጥላል፣ ጥማቱም ለእሷ ትርፍ ስቃይ ነው።

በቅርቡ ሣር ላይ ሳወጣት ራሷ ቁጢጥ ብላ መሽናት ጀምራለች። ደስ ቢለኝም ወዲያው ሆዷን ስዳስስ ፊኛዋ ውስጥ ገና ብዙ ሽንት አገኛለሁ። በመሆኑም የሚቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ተለክቶ ሐኪሙ በቃ እስኪለኝ ድረስ፣ ራሷ ከሸናች በኋላም ቀሪውን በእጄ እያወጣሁላት ነው።