ሰሌን ላይ የተማርኩት ፒላቴስ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ቀኔ የሚያልፈው በመቀመጥ ነው፤ ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ፣ ቀን ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ፊት። ወገቤ ሲያመኝ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፤ ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣ። በኋላ የመረመረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወገቤን የሚደግፉት ጡንቻዎች መድከማቸውን ነግራኝ ፒላቴስ የሚባለውን፣ ትንፋሽን እየተከተሉ በቀስታ የሆድና የወገብ ጡንቻዎችን የሚያጠነክሩበትን የሰውነት እንቅስቃሴ እንድሞክር መከረችኝ።

ፒላቴስ የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን የተወለደውና በልጅነቱ በአስም ይሠቃይ የነበረው ጆሴፍ ፒላቴስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዞች አስረው ባቆዩበት ካምፕ ያዳበረውን ይህን ዘዴ «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር፤ ሰውነትን የመቆጣጠር ጥበብ እንደ ማለት ነው። እኔ ግን የጀመርኩት ያለ ምንም ቁጥጥር ነው። «መቶው» የሚባለው እንቅስቃሴ በጀርባ ተኝቶ፣ ራስንና እግርን ከወለል አንሥቶ፣ በ5 ቁጥር አየር እያስገቡ በ5 ቁጥር እያስወጡ፣ ክንድን 100 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። የስልኬን ቪዲዮ እያየሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በጥድፊያ ጨረስኩት። በማግስቱ አንገቴ አልዞር ብሎ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ ተቸገርኩ። ባለሙያዋ ስትሰማ «ማን አስቸኮለዎት?» ብላ ሳቀች።

እንደገና የጀመርኩት ከአተነፋፈስ ነው። እጄን ጎድኔ ላይ አድርጌ ጎድኖቼ ወደ ጎን እስኪሰፉ አየር አስገባለሁ፤ ሳስወጣ ከእምብርቴ በታች ያለውን ሆዴን በቀስታ ወደ አከርካሪዬ እስበዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ የሠራሁት ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ቀስ እያሉ ማንሣትን ብቻ ነው። ሰሌን ብቻውን በሲሚንቶ ወለል ላይ አጥንት ይጎዳል፣ ፍራሽ ደግሞ ወገብን ያሰምጣል፤ ስለዚህ ሰሌኑ ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አነጥፋለሁ። ዝላይ ስለሌለበት የታች ቤት ጎረቤቶቼም አልተማረሩም።

ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙ በጣም ቀነሰ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ከማንሣቴ በፊት ሆዴን ሰብስቤ ትንፋሼን እያስወጣሁ ማንሣት ለምጃለሁ። ክብደቴ ግን አልቀነሰም። ፒላቴስ ለቆየ የወገብ ሕመም እንደሚረዳ ጥናቶች ቢያመለክቱም፣ ከሌሎች የሰውነት እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም፤ በእግር መሄድ የሚወደውን ጎረቤቴን የማልጎተጉተው ለዚህ ነው። የዲስክ መንሸራተት ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ አስቀድመው ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል፤ ወገብን የሚያጥፉ አንዳንድ እንቅስቃሴዎች ሊጎዷቸው ይችላሉ።

«መቶው» ላይ እስካሁን አልደረስኩም። ከ60 በላይ ስቆጥር የሆዴን ሥራ አንገቴ መሥራት ስለሚጀምር፣ እዚያ ላይ አቁሜ ራሴን ወደ ወለሉ እመልሳለሁ።