አራት ጊዜ የታጠፈው ሉህ

መጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ሥራዬ ነው። ይህን የምጽፈው በራሳቸው ወጪ መጽሐፍ ለማሳተም የተነሱ ሰዎች እኔ ያጠፋሁትን እንዳያጠፉ ነው።

ከአሜሪካ የመጡ አንድ እናት የሕይወት ታሪካቸውን ይዘውልኝ መጡ። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ታሪኩን የጻፉት ለልጃቸው እንደሚያወጉ አድርገው ነው፤ በየገጹ «ልጄ» ይላሉ። እዚያ የገዙትን አንድ መጽሐፍ ከቦርሳቸው አውጥተው «ይሄን የሚያክል ይሁንልኝ» አሉኝ። ለካሁት፦ 6 በ9 ኢንች፣ ማለትም 15.24 በ22.86 ሴንቲ ሜትር። አሜሪካ ውስጥ የተለመደ መጠን ነው። ማተሚያ ቤቱን ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ሥራውን ጀመርኩ። በ11 ነጥብ ፊደል (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) 256 ገጽ ወጣው።

ለ1000 ቅጂ ዋጋ ልናስተምን አብረን ሄድን። ፎርማኑ ፋይሉን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ባዶ ሉህ ስቦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያላቸው የመጽሐፍ ወረቀት በሙሉ በዚያ ልክ ነበር። አንዴ አጠፈው፣ ደገመው፣ አራት ጊዜ። 16 ቅጠል፣ 32 ገጽ ሆነ። የእትዬን መጽሐፍ አንስቶ ከላዩ አስቀመጠበት። በቁመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተርፎ ወጣ። በወርዱ ልክክ አለ፤ ልክክ ማለቱም አይበጅም፣ ምክንያቱም ከታጠፈ በኋላ ጠርዙን የሚያስተካክለው መቁረጫ የሚበላው ትርፍ ያስፈልገዋል።

«እናቴ፣ በዚህ መጠን ከአንድ ሉህ የሚወጣልን 8 ቅጠል ነው» አላቸው። ስለዚህ ለአንድ መጽሐፍ 16 ሉህ፣ ለ1000ው 16,000 ሉህ። ከእያንዳንዱ ሉህ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁራጭ ሆኖ ይጣላል። እትዬ ወደ እኔ ዞር አሉ። ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። የዓመታት ቁጠባቸው ነበር።

ያለውን ፋይል ወደ 14 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ጠርዙ ተቆርጦም ከአንድ ሉህ 16 ቅጠል ወደሚወጣበት መጠን፣ አሳንሶ ማተም ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ሥራው እንዳይደገም ብዬ። ፊደሉ ከ11 ወደ 9.6 ነጥብ ወረደ። ናሙናውን እዚያው በሚታተምበት ሻካራ ወረቀት አስወጣሁና መስኮት ዳር ወስጄ አየሁት። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ሲሉት ግን የኃምሱ ፊደል ቀለበት በቀለም ተደፍኗል። «ጄ» ቀለበቷ ሲሞላ «ጂ» ትመስላለች። «ልጄ» የሚለው ቃል በየገጹ «ልጂ» ሆኖብኝ ቁጭ አለ። የላቲን ፊደል ሲያንስ ቢደበዝዝ ነው፤ የእኛ ግን አንዲት ቀለበት ስትጠፋ ሌላ ፊደል ይሆናል። ናሙናውን ቀደድኩት።

ሥራውን ለ14 በ20 እንደ አዲስ፣ ያለ ክፍያ ሠራሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ፊደሉን ከ11 አላወረድኩም። 320 ገጽ ሆነ፤ ከአንድ ሉህ 32 ገጽ ስለሚወጣ በትክክል 10 ሉህ። ለ1000 ቅጂ 10,000፤ ገጹ በዝቶም ወረቀቱ በ6,000 ሉህ ቀነሰ። ማውጫው ተቀየረ፤ ጀርባው ስለወፈረ ሽፋኑም እንደገና ተሠራ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የእትዬ የበረራ ቀን በመሐል ደረሰና መጽሐፋቸውን ሳይዙ ሄዱ። በእጃቸው ለዘመድ ሊሰጡ አስበው ነበር፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በሰው እጅ የላክንላቸው ቅጂ ሲደርሳቸው ደወሉልኝ። «ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል፣ ተባረክ» አሉኝ። ቀጥለው፣ መጽሐፉ መሐሉ ላይ ሲገለጥ የመስመሩ ጫፍ ወደ ማጠፊያው እንደሚገባባቸው ነገሩኝ። በሙጫ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ እስከ ስሩ አይገለጥም፤ እኔ ደግሞ የውስጥ ህዳጉን ለ256 ገጽ በተውኩት 1.5 ሴንቲ ሜትር ነበር ያለፍኩት። ለሁለተኛው እትም 2 አድርጌዋለሁ።