ከመነሻው ግድግዳ እስከ ደወሉ፦ የመሰናክል ዳኛ የጉዞ ማስታወሻ

ዝናቡ ድንኳኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድበው አደረ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ብርዱ ሳይሆን የብረት ዘንጎቹ ነገር ነው። ከሰፈርንበት በላይ ባለው ሜዳ ላይ የቆመው ሪግ (በእጅ ተንጠልጥለው የሚያልፉት የብረት ማዕቀፍ) ቀለበት፣ ዘንግ፣ ገመድና ኳስ ተንጠልጥሎበታል፤ እርጥብ ብረት ደግሞ የሠለጠነ እጅንም ያሳፍራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ጫማዬን ስፈልግ አንደኛው ውሃ ሞልቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ደጅ ትቼው ነበር።

የመሰናክል ሩጫ ዳኞች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት መንገዱን በሙሉ በእግራቸው ይዞራሉ። የዛሬው 10 ኪሎ ሜትር ነው። የምንዞረው ለሽርሽር አይደለም፤ በእያንዳንዱ መሰናክል ላይ ሦስት ነገር እንፈትሻለን፦ መጀመሪያው በግልጽ ተሰምሯል ወይ፣ መጨረሻው ምንድን ነው፣ የሚወድቅ ሰው የት ሄዶ ይሰለፋል።

በአማርኛ «መሰናክል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የ3000 ሜትሩን ሩጫ ነው። 28 ጊዜ አጥር፣ 7 ጊዜ ውሃ፣ የወንዶቹ አጥር 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቶቹ 76.2። አጥሩ ላይ እጅ ማሳረፍም ሆነ መርገጥ ይፈቀዳል፣ በጎን ማለፍ አይፈቀድም፣ አለቀ። እኔም ወደዚህ የመጣሁት ከትራክ ስለሆነ ተራራ ላይ የሚዘረጋው ውድድር መጀመሪያ አበሳጭቶኝ ነበር። ጭቃ፣ ግድግዳ፣ ሸክም፣ ጦር፣ ገመድ፤ አንድም ቦታ በነጭ ቀለም የተሰመረ ነገር የለም። መሰናክሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ካልተነገረህ ያለፈውንና ያላለፈውን መለየት አትችልም። ይግባኝ ተብሎ ከሚመጣልኝ ክርክር ብዙው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል።

መነሻው ላይ ሯጮች ዝቅተኛ ግድግዳ ዘለው ነው ወደ ሰልፉ የሚገቡት። እዚያ የሚሰጠው ማብራሪያ ከታተመው ደንብ ይበልጣል፤ ሌሊት ዝናብ ስለዘነበ የተቀየረ ነገር ካለ የሚነገረው በድምፅ ማጉያው ነው፤ ከተነገረ በኋላ ደግሞ «አልሰማሁም» ሰበብ አይሆንም። ሰው ግን ያን ሰዓት ጫማውን ያስራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያወራል። ከዚህ ሥራ እጅግ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ምድቦቹ ባጠቃላይ ሦስት ናቸው፦ ኢሊት (ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ሯጮች)፣ የዕድሜ ምድብና ክፍት። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እርዳታ የሚባል ነገር የለም። ትከሻ ማበደር፣ እጅ መስጠት፣ ተመልካች የሚያቀብለው ውሃ፣ ሁሉም ክልክል ነው። በክፍት ምድብ ግን መረዳዳት ይፈቀዳል፤ የሚያምረውም እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምድቦቹ መንገድ ላይ ሲቀላቀሉ ነው። ወደኋላ የቀረ የዕድሜ ምድብ ሯጭ ግድግዳ ሥር ሲንገዳገድ ከክፍት ምድብ የመጣ ቅን ሰው ከታች እግሩን ይገፋለታል። የሚሰረዘው ቅኑ ሰው አይደለም፤ የተገፋው ነው። ስለዚህ እጁን አንሥቶ «አመሰግናለሁ፣ አይፈቀድልኝም» ማለትን አስቀድሞ መልመድ አለበት።

ግድግዳዎቹን ቶሎ አለፍናቸው። ደንቡ አጭር ነው፦ በፊት ለፊት ትወጣለህ፣ በላይ ትሻገራለህ፤ ግድግዳውን ደግፈው የያዙትን የጎን እንጨቶችና ብረቶች አትነካም። አንዳንድ ውድድር ለሴቶች መርገጫ ያደርጋል፤ ያን መርገጫ የረገጠ የኢሊት ወንድ ሯጭ ይመለሳል። የመጨረሻውን ከፍተኛ ግድግዳ ጫፍ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ስንጥር ነበረበት፤ አስልገነው ሄድን።

ሸክሙ ዘንድ ቆየት አልን። የአሸዋ ከረጢትና ባልዲ ናቸው። ባልዲውን ሯጩ ራሱ ጠጠር ይሞላዋል፤ ጎኑ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ጠጠሩ ከቀዳዳው በላይ መሆን አለበት። ልምድ የሌለው ሰው ልክ ቀዳዳው ድረስ ሞልቶ ይነሣል። ጠጠር ግን ሲናወጥ ይረግጋል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲመለስ ከቀዳዳው ሁለት ጣት ወርዶ ያገኘዋል፤ ዳኛው ደግሞ የሚያየው መመለሻው ላይ ነው። ከመነሣትህ በፊት ባልዲውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አድርገህ አስረግጠው፣ ከዚያ አናቱን ጨምርበት። ጥቂት ኪሎ ተጨማሪ መሸከም ሁሉንም ደግሞ ከመሸከም ይሻላል። ማረፍ ይፈቀዳል፤ መወርወርና ማንከባለል አይፈቀድም። ብዙ ውድድሮች ሸክምን በቅጣት አያስቀይሩም፤ ካልተሸከምክ ከውድድሩ ወጣህ ማለት ነው።

ከዚያ ያለው 4 ኪሎ ሜትር ጫካ ነው፤ የመንገድ ምልክት ሪባን ከመቁጠር በቀር የሠራነው ነገር የለም። መንገድ የሳተ ሯጭ የሳተበት ቦታ ድረስ ተመልሶ ከዚያው መቀጠል አለበት፤ ቀድሞ ብቅ ካለ ርቀት እንደቆረጠ ይቆጠራል። የጄል (የኃይል ሰጪ ምግብ) መጠቅለያ መሬት ላይ መጣልም በብዙ ደንቦች ያስቀጣል ወይም ያሰርዛል። ለሰው ቀላል ነገር ይመስላል። በማግሥቱ ጫካውን የምንለቅመው እኛ ነን።

ከጫካው መውጫ ላይ ውሃ አለ። እዚህ ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በተካሄደ የጭቃ ውድድር ላይ አንድ ተሳታፊ ከማማ ወደ ውሃ ከሚዘለልበት መሰናክል ገብቶ ሰጥሞ ሞቷል። የምንፈትሸው ይህን ነው፦ ጥልቀቱ ተለክቷል ወይ፣ ነፍስ አድን ጠላቂው ከቦታው አለ ወይ፣ ከላይ የቆመው ሰው ከታች ያለውን መስመር ያያል ወይ። ሯጩ የሚዘለው ከፊቱ የዘለለው ሰው ዋኝቶ መስመሩን ከለቀቀ በኋላ ብቻ ነው፤ በእግሩ ይዘላል፣ በአናቱ አይዘልም። ዳኛው ዘጠና ሰው ቢሰለፍም ሰልፉን የማቆም ሥልጣን አለው። ዋና የማይችል ሰው ቅጣቱን ይወስዳል፤ በዚያ ማንም አያፍርም።

ቀጥሎ ጦሩ። አንድ ውርወራ ብቻ ነው። ጦሩ ዒላማው ላይ ተተክሎ መቅረት አለበት፤ ነክቶ መውደቅ አይቆጠርም። ጦሩ በገመድ ከአጥሩ ጋር ታስሯል፤ ሰው የሚስተው በእጁ ጥፋት ሳይሆን ገመዱ እግሩ ሥር ወይም አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ አየር ላይ ሲጎትተው ነው። ገመዱን መፍታት የሯጩ ኃላፊነት ስለሆነ «ያዘኝ» ብሎ ድጋሚ የሚሰጠው የለም። ከመወርወር በፊት አምስት ሰከንድ ወስዶ ገመዱን ወደፊት ዘርግቶ ማስተካከል ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን የደንብ ቤተሰቦች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቅጣት ነው። ስፓርታን ሬስ የተባለው የመሰናክል ውድድር እ.ኤ.አ. በ2010 በቨርሞንት ሲጀመር ስሙን ከተከለበት ነገር አንዱ 30 ቡርፒ ነው፤ መሰናክሉን ያቃተው ያን ሠርቶ ይቀጥላል፤ በኋላ በብዙ መሰናክል ላይ የቅጣት ዙር (ተጨማሪ የሚሮጥ ዙር) ተክቶታል። ቡርፒ ልክ አለው፦ ደረት መሬት ይነካል፣ ተነሥተህ ትቆማለህ፣ እግሮችህ መሬት ይለቃሉ። የደከመ ሰው ከሃያኛው በኋላ ደረቱን ማሳረፍ ይተዋል፤ ዳኛው ያን አይቆጥርለትም፤ ሰውየው ሠላሳ ቆጥሮ ሲነሣ ዳኛው ሃያ አራት ላይ ነው። ጮክ ብሎ የሚቆጥር ዳኛ ግማሹን ጠብ ያስቀራል።

ሁለተኛው የባንድ (የእጅ አንጓ ማሰሪያ) ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚካሄደው የመሰናክል ሩጫ የዓለም ሻምፒዮና የሚታወቀው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ሯጭ እጁ ላይ ባንድ ታስሮለት ይነሣል። መሰናክሉን እስኪያልፍ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ መሞከር ይችላል፤ ቡርፒ የለም፣ ዙር የለም። ተስፋ ከቆረጠ ዳኛው ባንዱን ይቆርጣል፤ ሩጫውን መቀጠል ይችላል፣ ሜዳልያውንም ያገኛል፣ ደረጃ ግን የለውም። የዛሬው ውድድር የባንድ ነው፤ ጦሩና ሌሎች ሁለት መሰናክሎች ብቻ የቅጣት ዙር አላቸው።

እኔ የተመደብኩት ሪጉ ላይ ነው። 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሰልፍ ሲነሣ ዝናቡ አባርቷል፣ ብረቱ ግን ገና እርጥብ ነበር። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ከየት እንዳመጣችው እንጃ አንድ ክምር ደረቅ ፎጣ ይዛ መጣች። በየሰልፉ መሃል መሰላል ላይ ወጥታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ስትጠርግ ዋለች። ከዚያ ቀን ያስደሰተኝ ሰው እሷ ናት።

የሪግ ደንብ ይህ ነው። መሬት ላይ የተሰመረውን መስመር ከለቀቅህ ሙከራህ ጀምሯል። ከዚያ እስከ ደወሉ ድረስ ማንኛውም የሰውነትህ ክፍል መሬት ከነካ ወድቀሃል። ሪጉን የተሸከመው ምሰሶና የላይኛው ማዕቀፍ የመሰናክሉ አካል አይደለም፤ ልትይዘውም ልትረግጠውም አትችልም። እግር መጠቀም ይፈቀድ አይፈቀድ በምልክት ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የዛሬው ለገመዱና ለኳሱ ይፈቅዳል፣ ለቀለበቶቹ አይፈቅድም። መስመር ከመረጥክ በኋላ ወደ ጎረቤት መስመር መዝለል የለም። በመጨረሻም ደወሉን በእጅ መምታት። በእግር ወይም ወድቀህ ሳለ በአየር ላይ ገመዱን ስበህ የደወልከው አይቆጠርም።

ደወል ቀላል ነገር ይመስላል፤ የመሰናክሉ መጨረሻ ግን እሱ ነው። ፈረስ ግልቢያ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ውዝግብ በኋላ ከዘመናዊ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርት በአንድ ከያዘው ውድድር) ወጥቶ መሰናክል ሲተካው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከ60 እስከ 70 ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ይሮጣል፤ ሰዓቱን የሚያቆመውም ራሱ ሯጩ ቁልፉን ሲመታ ነው። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ የሚታየው ይኸው ነው። እዚያ መጨረሻው ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚህ ተራራ ላይ የእኔ ጆሮና ዓይን ነው።

የወደቀ ሰው ወደ ድጋሚ መስመር ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ቅድሚያ ስላለው ፈጣኑ መስመር ለሱ ክፍት መሆን አለበት፤ ደጋሚው በራሱ መስመር ተራውን ይጠብቃል። የሚበላሸው እዚህ ነው። የወደቀ ሰው በንዴት ወዲያው ዘሎ ይይዛል፤ የክንዱ ጡንቻ ግን ገና እንደ ድንጋይ ነው፤ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ሁለት ቀለበት ቀድሞ ያልቃል፤ ሦስተኛው ከዚያም ያንሳል። ከአምስት ፈጣን ሙከራ ሁለት የታሰበባቸው ይሻላሉ። ክንዱን ወደታች ያራግፍ፣ ጣቶቹን በሌላው እጅ ወደኋላ ይለጥጥ፣ እጁን ከውስጠኛው ልብሱ ደረቅ ቦታ ላይ ይጥረግ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይጠብቅ። በእርጥብ ብረት ላይ እርጥብ ጓንት ከባዶ እጅ የባሰ ያንሸራትታል። የማግኒዚየም ዱቄት መጠቀም በአንዳንድ ውድድር አይፈቀድም፤ ጭቃ ጋር ሲቀላቀል ለሚቀጥለው ሰው ሳሙና ይሆናል።

5 ሰዓት ገደማ በኢሊት ሴቶች ሦስተኛ የነበረች ሯጭ ደወሉን መታች። እኔ ዓይኔ ጎረቤቷ መስመር ላይ ነበር፤ እጄን ልክ እንዳለፈች አነሣሁላት። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ዳኛ፣ ኳሱ ላይ ስዞር ተረከዜ ጭቃውን ነክቷል» አለችና ወደ ድጋሚ መስመሩ ሄደች። ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ስምንተኛ ሆና ነው የሄደችው።

በተቃራኒው አንድ ሰውዬ ባንዱ ሲቆረጥ እጁን አልሰጥም ብሎ ሃያ ደቂቃ ተከራከረኝ። ምሰሶውን እንደያዘ ሁለት ዳኞች አይተናል። እንዲህ ሲሆን ሜዳ ላይ መጨቃጨቅ ጥቅም የለውም፤ የደረት ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የሆነውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ሯጩ ሲጨርስ በደንቡ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ያቀርባል፣ ቪዲዮ ካለ ይታያል። ዳኛ የሰደበ ግን የይግባኙ ውጤት ምንም ይሁን ምን ይሰረዛል። የሰውዬውን አጣርተን ውሳኔው ጸና።

መጨረሻው መስመር ላይ ባንዱን የምትፈትሽ ዳኛ አለች። ባንዱ ራሱ ተበጥሶ የወደቀበት ሯጭም አለና ቁራጩን ኪሱ ውስጥ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ እኛ የቆረጥነው መሆን አለመሆኑን ከየመሰናክሉ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አመሳክረን እናያለን። የእኔ መዝገብ 41 የተቆረጠ ባንድ ይላል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ግን 40 ናቸው። አንዱን ጭቃ ውስጥ ስንፈልግ መሸ።

ለነገ የክፍት ምድብ ውድድር ሪጉን ስንፈትሽ የሦስተኛው መስመር ገመድ ከቋጠሮው በላይ ግማሽ ድረስ ተበልቶ አገኘነው። አወረድነው፤ አዲሱን ገመድ ሁለት ሰው ተንጠልጥለንበት ሞከርነው፤ ቋጠሮውን ደግመን አሰርን።